የቢራራ ቀኝ እጅ

ዳባት ገበያ ውስጥ ሞተረኛው ቢራራን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ሞተር የሚፈራ ነው። በገበያ ዕለት ገበያተኛዋን ከኋላው አስቀምጦ፣ እህሏን ከፊቱ ጭኖ፣ ዶሮዋን እጀታው ላይ አንጠልጥሎ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲወጣ፣ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ሙሉ ቤተሰብ የሚሄድ ይመስላል። በሥራ ቀን አነዳዱ ቀስ ያለ ነው። ጉድጓዱን ሁሉ በስም ያውቀዋል። ሴቶቹ «የቢራራ ሞተር እንቁላል አይሰብርም» ይሉታል፤ ዋጋ ሲከራከሩት ግን ይህን ምስጋና ይረሱታል።

የጥምቀት ሰሞን ሲመጣ ይህ ሰው የት እንደሚሄድ እንጃ። በምትኩ ሌላ ቢራራ ይመጣል፤ ዓይኑ የቀላ፣ እንቅልፉ የሸሸ፣ ሚስቱ ሐመልማል ስታናግረው የሞተር ድምፅ የሚሰማ ሰው። የውድድር ሰሞን ነዋ።

ውድድሩ ድሮ የፈረስ ነበር። ከደባርቅ በታች ባለው ሜዳ የዳባትና የደባርቅ ሰው ጉግስ ይጫወትበት ነበር። ፈረሱ እየሳሳ ሞተሩ እየበዛ ሲሄድ ጎረምሶቹ «እኛስ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ መከሩና «አጥንቱ ብረት ቢሆንም ያው ይጋለባል» ብለው ፈቀዱ። ዳኝነቱን ግን ለማንም አልሰጡም። ዛሬም ዳኛው አያ ዳኘው ናቸው፤ በጉልምስናቸው በጉግስ ስማቸው የተጠራ ሰው። ባንዲራ ቢሰጧቸው አሻፈረኝ ብለው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ጣል ሲያደርጉ ነው ሞተሩ ሁሉ የሚነሣው።

መንገዱ አሮጌው የጠጠር መንገድ ነው። ከዳባት አቅጣጫ ካለ አንድ አውድማ ይነሣል፣ ረጅም ዳገት ይወጣል፣ ከዳገቱ ራስ ዳሩ ገደል ወደሆነ አንድ ክፉ ኩርባ ይወርዳል፣ የድንጋዩን ድልድይ ይሻገርና ደባርቅ ጥግ ካለው ሜዳ ላይ ያልቃል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ዳገቱን ቀድሞ የወጣው ቢራራ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን የወሰደው ደግሞ የደባርቁ ላቀው ነው።

ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። ዳገቱ ራስ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ጊዮርጊስ አለ።

የቢራራ አባት መሪጌታ ነበሩ። በበቅሎ ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያን ካዩ ይወርዳሉ፤ ፊታቸው የተቀመጠውን ትንሹን ቢራራንም ያወርዱና ቀኝ እጁን ይዘው ያሳልሙታል። ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን፣ ድግስ እየጠበቃቸው ቢሆን ይወርዳሉ። ልጁ አደገ፤ መሪጌታም አረፉ። በቅሎዋ ተሸጣ ሞተር ተገዛ፤ እጁ ግን እንደለመደ ቀረ። ቢራራ ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ከሞተር አይወርድም፤ አለመውረዱንም ለብቻው ያፍርበታል። ቀኝ እጁ ግን ሳያዝዘው ብድግ ብሎ ያማትባል።

ሞተር የነዳ ሰው ችግሩ ገና ድሮ ገብቶታል። ላልነዳ ልንገር፤ ነዳጅ የሚሰጠው ቀኝ እጅ ነው። ቀኝ እጅ ከእጀታው ሲነሣ ሞተሩ ጉልበቱን ያጣል። ሜዳ ላይ ቢሆን ምንም አልነበረም። ዳገት ላይ ግን ማርሽ ወደ ታች ቀይሮ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ እንደገና እስኪያስነሣው ድረስ ላቀው በጎኑ ሽው ብሎ ያልፋል። «በግራህ ብታማትብ ምን አለበት?» ያለው ጓደኛ ነበረው። ያንን ሰው እስከ ፋሲካ አኩርፎታል።

ደባርቆች በዚህ ሲስቁበት ኖረዋል። «ጊዮርጊስ እኮ የደባርቅ ሰው ነው» ይሉታል ነዳጅ ሊቀዳ በመጣ ቁጥር። የዳባት ሰው ደግሞ ያጽናናዋል። «እጁን ባያነሣ ማን ይቀድመው ነበር? ማንም!» ይላሉ። ቢራራ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አንገቱን ይድፋ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ደስ ይለዋል።

ስለ ላቀውም አለመናገር ግፍ ነው። ላቀው ወደ ሳንቃበር በሚወጣው መንገድ ሰውና ዕቃ እያመላለሰ የሚኖር፣ ከንግግር ይልቅ ሥራ የሚቀለው ሰው ነው። ከውድድር በፊት ማለዳ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ከዚያ በኋላ እጁ ከእጀታው ንቅንቅ አይልም። ሦስት ዋንጫ ቤቱ ውስጥ አለ። ሦስቱንም ሲቀበል የገዛ አገሩ ሰው እየሳቀ ነው ያጨበጨበለት። አንድም ሰው «አሸነፍህ» ብሎት አያውቅም፤ «ጊዮርጊስ አሸነፈልህ» ነው የሚሉት። ሰው ሲያሸንፍ እንዲህ ከተባለ ምኑን አሸነፈ?

ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ ከዋንጫ አለፈ። አዲስ አበባ ካለ የሞተር ውድድር ክለብ አንድ አሠልጣኝ እንደሚመጣ ወሬው ደረሰ። አንድ ተወዳዳሪ ብቻ መርጦ ይወስዳል። የተመረጠው ኑሮው ውድድር ይሆናል፤ ደመወዝ፣ የውድድር ሞተር፣ ልምምድ። እህል መጫን ቀረ ማለት ነው። ሐመልማል ወሬውን የሰማች ዕለት ሳጥን ከፍታ ልብስ መለየት ጀመረች። ለእናቷም ነገረች፤ እናቷም ለመንደሩ ነገሩ። ቢራራ «ገና አልቀደምኩም እኮ» ቢላት «እጅህን አታንሣ እንጂ ቀድመሃል» አለችው።

እሱም ቆርጦ ተነሣ። ግን ሳይጠይቅ ማድረግ አልሆነለትም፤ የነፍስ አባቱ አባ ሀብተ ሚካኤል ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ በውድድሩ ዕለት ጊዮርጊስን ሳልሳለም ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል?»

አባ ሀብተ ሚካኤል ጺማቸውን ያዙ። ቢራራ ጾምና ስግደት ሊያዙኝ ነው ብሎ ጠበቀ።

«ልጄ ሆይ» አሉት በመጨረሻ፣ «ቅዱስ ጊዮርጊስ ራሱ ምንድን ነው?»

«ሰማዕት ነው፣ አባ።»

«ሰማዕትስ ሰማዕት ነው። ሥዕሉ ላይ ምን ላይ ተቀምጧል?»

«ፈረስ ላይ።»

«እንግዲያው ፈረሰኛ ነው፤ የሚጋልብ ሰው እጁ ሥራ ላይ እንደሆነ ካንተ ይልቅ እሱ ያውቃል። በልብህ ተሳለም። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

ቢራራ መስቀላቸውን ስሞ ሲወጣ ዓመቱን ሙሉ ተሸክሞት የኖረ ድንጋይ የወረደለት መሰለው። ቤቱ ሲደርስም ሐመልማልን ዕቃ በመለየት አገዛት።

በውድድሩ ጠዋት አውድማው በሞተር ተሞላ። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡ አሉ፣ ከገጠሩም የመጡ አሉ። እነሱም ቢሆኑ የቢራራንና የላቀውን አቧራ ሊቅሙ እንደመጡ አልጠፋቸውም። ቢራራ ካቴናውን ዘይት ሲቀባ ላቀው መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«ቢራራ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ምን?»

«ዛሬ እጅህን አታንሣ።»

ቢራራ ደሙ ፈላ። የዘንድሮው ሹፈት ደግሞ ፊቴ ድረስ መጣ አለ በልቡ። «ይቺ ደግሞ አዲስ ናት» አለው።

«እያሾፍሁ አይደለም። ዋንጫ ሲያዩብኝ የሚስቁ ሰዎች አሉ። አባቴ ሳይቀር ይስቃል። አንድ ጊዜ ብቻ አንተን ራስህን ብቀድምህ ወይም ብትቀድመኝ ደስ ይለኛል። ሌላ ነገር የለኝም።» ይህን ብሎ ተነሥቶ ወደ ሞተሩ ሄደ። ቢራራም ነገሩን ሊያስብበት ጊዜ አላገኘም፤ አያ ዳኘው ጋቢያቸውን ይዘው ቆመዋል።

ጋቢው ወደቀ።

ቢራራ ከመነሻው ቀደመ። ዳገቱን ሲጀምር ከኋላው የሚሰማው የአንድ ሞተር ድምፅ ብቻ ነበር፤ የማን እንደሆነ ዞሮ ማየት አላስፈለገውም። ጠጠሩ ይፈናጠራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሱ ደግሞ በሄልሜቱ ውስጥ «በልቤ፣ በልቤ፣ በልቤ» ይላል። የጊዮርጊስ ጽዶች ብቅ አሉ። እጀታውን ጭብጥ አደረገው። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ታየ። ጥርሱን ነከሰ።

አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? እጁ ተነሣ።

አባ ሀብተ ሚካኤልን፣ ሐመልማልን፣ አዲስ አበባን፣ ማንንም አልጠየቀም። ግንባሩ ደረሰ፣ ወደ ደረቱ ወረደ፣ ከትከሻ ትከሻ ተሻገረ። ሞተሩ ዳገቱ ላይ ቃተተ። ቢራራ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በንዴት ነው። ማርሹን እየቀየረ የላቀው ሞተር በጎኑ ሽው እስኪል ጠበቀ።

ሽው የሚል ነገር አልመጣም።

ዞር ብሎ አየ። ላቀው ከኋላው ነበር፤ ሞተሩን አቀዝቅዞ፣ ቀኝ እጁ ሄልሜቱ ግንባር ላይ። እያማተበ ነው። ሲጨርስ በአገጩ ወደ ፊት አመለከተው፤ ሂድ ማለቱ ነው።

ያኔ ቢራራ ፈራ። ሲወዳደር እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሸነፍ ጥፋቱ የእጁ ነበር፤ እሱ ራሱ አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም። ከዚህ በኋላ ግን ቢሸነፍ የሚያመካኝበት የለም። የሰበበኛ ምጣድ ነገር ሆኖ፣ ገና ሳይጣድ ሲንጣጣ ኖሮ አሁን እሳቱ ላይ ተጣደ። ለካ ጊዮርጊስን ሲሳለም ብቻ አልኖረም፤ ከኋላውም ሲደበቅ ኖሯል። ይህን የተረዳው ቁልቁለቱን እየበረረ ነው፤ ለማፈርም ጊዜ አልነበረውም።

በሕይወቱ እንደዚያ ነድቶ አያውቅም። ቀድሞ ወደ ኩርባው ደረሰ። እንደ ሁልጊዜውም ፍሬን ይዞ፣ የውስጥ የውስጡን ጠርዝ ተጠግቶ ገባ፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚገባው፣ አጭሩ መንገድ እሱ ነውና። ላቀው ግን ወደ ውጭ ሄደ፣ ወደ ገደሉ በኩል። ቢራራ ይሄ ሰው ሊሞት ነው ብሎ አሰበ። ወዲያው የራሱ ሞተር ከኩርባው መውጫ ላይ ወደ ዳር ገፋው፤ ሲያቃናው ላቀው ከውጭ ወደ ውስጥ ቆርጦ ገብቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ነዳጁን ሙሉ ለቅቆ ድልድዩ ላይ ወጣ። ቀደመው።

ሜዳው ላይ ቢራራ ተጠጋው። በጣም ተጠጋው። የላቀው የኋላ ጎማ የሚረጨው ጠጠር ደረቱን እየመታው ጎን ለጎን ደረሰ፤ የላቀው የፊት ጎማ ግን የመጨረሻውን መስመር ቀድሞ ነካ። ልዩነቱ አንድ ጎማ ቢሆን ነው።

ሜዳው ላይ የቆመው ሰው ከዚህ ውስጥ የመጨረሻዋን ብቻ ነው ያየው። ዳገቱንና ጊዮርጊስን ጉብታው ይጋርደዋል። ስለዚህ ደባርቆች እንደ ልማዳቸው እየሳቁ አጨበጨቡ። ዳባቶችም እንደ ልማዳቸው ጮኹ። «እጁን አንሥቶ ነው! እጁን ባያነሣ ኖሮ!»

አሠልጣኙ አጭር፣ ፀሐይ መከላከያ ኮፍያ ያደረገ፣ ፈጣን ዓይን ያለው ሰው ነበር። ጩኸቱ ምን እንደሆነ ጠየቀ። አሥር ሰው ባንዴ ነገረው። ነገሩ ሲገባው ፊቱ በራ፤ ሰዉን እየከፈለ ቢራራ ዘንድ መጣ።

«እውነት ነው? ዳገቱ ራስ ላይ እጅህን አንሥተሃል?»

«አንሥቻለሁ።»

«እንግዲህ ስማ። እኛ በምንወዳደርበት ሜዳ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። እጅህን አንሥተህ ባንድ ጎማ ብቻ ከተቀደምህ፣ ፈጣኑ አንተ ነህ ማለት ነው። እኔ የምፈልገው ፈጣኑን ነው። ልክ ነኝ?»

ቢራራ ቀና አለ። የዳባት ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀለት ነው። ሐመልማል ከፊት ቆማ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እሷም ራሷን እየነቀነቀች ነው። ላቀው ትንሽ ራቅ ብሎ ሄልሜቱን በእጅጌው ይወለውላል። ሁሉን ሰምቷል። ከጊዮርጊስ በር ላይ የሆነውን ከሁለቱ ሌላ ያየ ሰው የለም፤ ላቀውም ቢሆን ጠብቄዋለሁ ብሎ ለመናገር አፉን አልከፈተም። 

ቢራራ «ልክ ነህ» ቢል ያበቃ ነበር። ራሱን ዝቅ ቢያደርግ እንኳ ይበቃ ነበር። ያቺን ቅጽበት ቆይቶም አልካዳትም፤ ሊነቀንቅ አስቦ ነበር።

«ልክ አይደለህም» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እጄን አነሣሁ፤ ላቀው ግን ጠበቀኝ። ሞተሩን አቀዝቅዞ፣ አብሮኝ ተሳልሞ፣ ሂድ አለኝ። ከጊዮርጊስ ቀድሜው ነው የወረድሁት። ኩርባው ላይ ነው የቀደመኝ፣ በችሎታው። ፈጣኑ እሱ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወደ ኋላ አይመለስም። የዳባት ሰው ራሱን መነቅነቁን ተወ። ሐመልማል ነጠላዋን ለቀቀች። አሠልጣኙ አንዴ ይህን አንዴ ያንን አየና ወደ ላቀው ዞረ። ከእሱ በፊት ግን ከአውድማው በአስፋልቱ በመኪና የመጡት አያ ዳኘው ደረሱ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በላቀው ትከሻ ላይ ጣሉለት፤ በጉግስ ጊዜ ለደህና ጋላቢ እንደሚደረገው ነው።

«አሸነፍህ፣ ልጄ» አሉት።

በዚህ ጊዜ ደባርቆች አጨበጨቡ፤ የሳቀ አልነበረም። ዳባቶችም ቀስ ብለው ተከተሉ። ላቀው ጋቢውን እንደለበሰ መጥቶ ቢራራን አቀፈው።  ጀርባውን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጎት ሄደ። ዓይኑ ቀልቶ እንደነበር ቢራራ አይቷል፤ አቧራ ነው ሊል ይችላል፤ አቧራ አልነበረም።

አሠልጣኙ የወሰደው ላቀውን ነው። ለቢራራ «ለዓመት ልመጣ እችላለሁ፤ ቃል ግን አልገባም» ብሎ እጁን ጨበጠው።

ሐመልማል ከኋላው ተቀምጣ ወደ ዳባት ሲመለሱ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነበር። የምትይዘውም ወገቡን ሳይሆን የሞተሩን ብረት ነበር። ቢራራ አስፋልቱን ትቶ አሮጌውን መንገድ ያዘ፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቀችውም። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ግን ገነፈለች።

«አንድ ጊዜ ራስህን ብትነቀንቅ ምን ነበረ? አንድ ጊዜ! ሳጥኑን ሸክፌ ጨርሻለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ለእናቴ ምን ልበላት? ሰዉ ‹ዘንድሮስ በምን ተሸነፈ› ሲለኝ ምን ልበል?»

«በላቀው በያቸው።»

ሞተሩን አቆመ። ሐመልማል ምን ሊሆን ነው ብላ ወረደች።

«ሐመልማል» አላት፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ኩርባ የምገባበትን መንገድ አንድም ቀን አልመረመርሁትም። ለምን ልመርምረው? ጥፋቱ የእጄ ነበራ። ላቀው ዛሬ በውጭ በኩል ገባ፣ በገደሉ በኩል። አየሁት። እስካሁን በዓይኔ ላይ ነው። ሳይጠፋብኝ ልሞክረው።»

«አሁን? ደክሞህ?»

«አሁን።»

ሐመልማል የድልድዩ ግንብ ላይ ተቀመጠች፤ ተቀመጠች ከማለት ዘፍ አለች ማለት ይቀላል። ቢራራ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ተመለሰ። መጀመሪያ ፈራና ቶሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ ወደ ዳር ገፋው። እንደገና ወጣ። ሁለተኛውም አልሆነም። ሐመልማል አገጯን በእጇ ደግፋ አሻግራ የስሜንን ተራሮች ታይ ነበር፤ ኩርፊያ ነው። በሦስተኛው ግን ድምፁ ተለየባትና ዞር አለች። ቢራራ ገደሉን ታክኮ መጣ፣ ጠበቀ፣ ገና ጠበቀ፣ ከዚያ በአንዴ ወደ ውስጥ ቆርጦ ገብቶ፣ ሞተሩ ሳይንገዳገድ፣ ቀጥ ብሎ ድልድዩ ላይ ወጣ።

ፊት ለፊቷ ሲያቆም ከሄልሜቱ ሥር እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። ሐመልማል ገና አልታረቀችውም። ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ኩርባውንም አየች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ድገመው» አለችው።